ማሽኑ የሚከራከርበት ቋንቋ

በዲላ ከተማ ሃስኬል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፎ በየቀኑ ሥራ ይሠራበት የነበረ ፕሮግራም፣ አጣርቼ እስከማውቀው ድረስ፣ አንድ ብቻ ነው። ባለፈው ሰኔ ተዘጋ። እኔም በዚያው ወር ጡረታ ወጣሁ። የእኔ መውጣት ያለ ነገር ነው፤ ዕድሜ ነው። የፕሮግራሙ መዘጋት ግን ምሕረት የምትባል ወጣት ባለሙያን ከሥራዋ አፈናቅሏታል። ስለ ቋንቋዎችና ስለ መሣሪያዎች ያለኝን አስተያየት ከዚህ በታች እጽፋለሁ። ያ አስተያየት ለምሕረት ምን እንዳመጣላትም አብሮ መጻፍ አለበት።

ሥራ የጀመርኩት በኮምፒውተር አይደለም። በአንድ የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያ የዜና ዘጋቢ ነበርኩ። በዜና ክፍላችን የማይጣስ ሕግ ነበረን፦ አንዴ አየር ላይ የዋለ ዜና አይሰረዝም። ስህተት ከተገኘበት በማግስቱ በዚያው ሰዓት እርማት ይነበባል። ትናንት የተባለው ተብሏል፤ የዛሬው ከጎኑ ይቀመጣል። ካሴት ላይ ግን ይህን ሕግ አናከብርም ነበር። ባዶ ካሴት ስለማይበቃን በአሮጌው ላይ እንቀዳለን። አንድ ጊዜ አሪቻ ሄጄ አንድ ሽማግሌ ስለ ቀበሌያቸው ጥብቅ ደን ወሰን ከዛፍ ዛፍ እየጠሩ ሲናገሩ ቀዳኋቸው። በኋላ በወሰኑ ላይ ክርክር ተነሣና ቃላቸው ተፈለገ። ካሴቱ ተገኘ። ሳጫውተው የእግር ኳስ ውጤት ይናገራል። ሽማግሌው በዚያ ጊዜ አርፈው ነበር።

አዘጋጃችን ትከሻቸውን ሰብቀው፣ «ካሴት እኮ ነው አስፋው፣ ምን ታደርገዋለህ?» አሉኝ።

ምንም አላደረግኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ አቋም ይዣለሁ። በነበረው ላይ ደርቦ መጻፍ የሚፈቅድ መሣሪያ፣ የሚጽፍበት ሰው ደግ ቢሆንም እንኳ፣ አንድ ቀን እውነትን ያጠፋል።

ጣቢያው ኮምፒውተር ሲያስገባ የዜና ማህደሩን እንድይዝ ተመደብኩ። በዚያ ሰበብ ዩኒቨርሲቲው የኤክስቴንሽን ትምህርት ገባሁና አቶ ክፍሌን አገኘኋቸው። ከጎጃም ለአንድ ዓመት ብለው መጥተው ዲላ የቀሩ መምህር ነበሩ። በሥርዓተ ትምህርቱ የታዘዙትን ጃቫ የተባለ ቋንቋ ያስተምራሉ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ለፈለገ ብቻ፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ ሃስኬል ያስተምራሉ። የሚፈልገው ጥቂት ነው። በሁለተኛው ወር እኔና ሁለት ሌሎች ቀረን።

አቶ ክፍሌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ፕሮግራም አያስቡም። በእርሳስ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ግድግዳው ፊት ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። «መብራት በሚሄድበት ከተማ ማሽን ላይ የሚያስብ ሰው ግማሽ ሐሳብ ይዞ ይቀራል» ይሉ ነበር። ለእያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል የሚያቀርቡት ጥያቄ አይለወጥም። ምን ገባ? ምን ወጣ? በመንገድ ላይ ምን ነካ?

አንድ ቀን ከሁለቱ አንዱ ተማሪ ሥራውን አቀረበ።

«የተማሪውን ውጤቶች ይቀበላል፤ አማካዩን ይመልሳል።»

«በመንገድ ላይስ ምን ነካ?»

«ምንም አልነካም መምህር። ውጭ ባለው ቆጣሪ ላይ ብቻ አንድ ጨመረ።»

«ብቻ!» አሉ አቶ ክፍሌ። «ጎረቤትህ ጨው ሊበደር ገብቶ ሲወጣ በርህን ነቅሎ ቢሄድ፣ በሩን ብቻ ነው የወሰደው ትላለህ?»

የዚህ የፕሮግራም አጻጻፍ ልብ ይኸው ነው። ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል፣ የተሰጠውን ተቀብሎ የሚመልሰውን ይመልሳል፤ ሌላ ነገር አይነካም። እንዲህ ያለውን ፈንክሽን በሙያው «ንፁህ» ይሉታል። በኋላ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ወጣቶቹ ይህን ቃል ስደጋግም ሰምተው ስም አወጡልኝ። በር ስከፍት «ጋሼ ንፁህ መጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ!» ይባባላሉ።

የአቶ ክፍሌ ንባብም ትምህርት ነበር። «ፕሮግራም ሲነበብ እንደ አማርኛ ይፍሰስ» ይሉናል። «ተቀብሎ፣ መዝኖ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አስገባ። እያንዳንዱ የራሱን ጨርሶ ለቀጣዩ ያቀብላል። ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ የሌላውን ሥራ አይበጠብጥም።» ዓይናቸው ሲደክም እኔ አነብላቸው ጀመርኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና፣ «እዚህ ጋ ትንፋሽህ ተቆረጠ» ይሉኛል። ያስቆሙኝን ቦታ ስመረምር ብዙ ጊዜ ሁለት ሥራ በአንድ ስም ተጨምቆ አገኛለሁ።

የሃስኬል ኮምፓይለር፣ ማለትም የጻፍነውን መርምሮ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚያዞረው ፕሮግራም፣ ጨካኝ ነው። ስህተት ካለ አያሳልፍም፤ ረጅም ሐተታ ይጽፍልሃል። ስናማርር አቶ ክፍሌ አይቀበሉንም። «ኮምፓይለሩ አልተቆጣባችሁም፤ ከእናንተ ጋር እየተከራከረ ነው። የሚከራከርህ ሰው ቁም ነገር ብሎሃል ማለት ነው።» ኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው እዚያው አረፉ። መርዶውን የሰማሁት በስልክ ነው፣ ከቀብሩ በኋላ።

በሥራ ዘመኔ የተለያዩ ቋንቋዎችን ተጠቅሜያለሁ። ጃቫ እንደ መሥሪያ ቤት ነው፦ አንዲት ቃል ከዚህ ክፍል ወደዚያ ለማድረስ ማመልከቻ፣ መዝገብ ቤት፣ ማኅተም ያስፈልጋል። ሥርዓት ስላለው አልጠላውም። ፒኤችፒ እንደ መናኸሪያችን ነው፦ ሁሉ ይጮኻል፣ ሁሉ ከልኩ በላይ ይጭናል፤ ደግሞም ሁሉ ይደርሳል። ፓይተን ደግ አስተናጋጅ ነው። የያዝከውን ሳይጠይቅ ያስገባሃል፤ ችግር እንዳለ የሚነግርህ ምግቡ ከቀረበ በኋላ ነው። ሰው የማይጠብቀው አስተያየቴ ስለ ኤክሴል ነው። በዞናችን የሒሳብ ሠራተኞች ከሃስኬል ጋር የሚቀራረብ ነገር ሲሠሩ የኖሩት በኤክሴል ነው። ቀመር ያለበት ሣጥን የሌላውን ሣጥን ዋጋ ተቀብሎ የራሱን ይሰጣል እንጂ ሌላውን አይነካም። ይህን ስነግራቸው ግን የቀልድ ይመስላቸዋል። ጊት የሚባለውን የፕሮግራም ማህደርም እወደዋለሁ፤ በአሮጌው ላይ አይቀዳምና።

የሃስኬልን ነውርም አልደብቅም። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኮምፓይለሩ ሲሠራ ማሽኑ እንደ ምጣድ ይግላል። ሐተታው አንዳንዴ ከስህተቱ ይበልጥ ግራ ያጋባል። ቃላቱ ሰው ያስፈራሉ። ሞናድ የሚባለውን ሐሳብ ለባልደረቦቼ ለማስረዳት የሞከርኩ ቀን የሒሳብ ክፍሏ ወይዘሮ አልማዝ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ይሄ ሞናድ የሚሉት መልአክ ነው እንዴ? አይቶት የሚያውቅ የለም፤ የማይመሰክርለት ግን የለም።»

ይህ የሆነው በመጨረሻው መሥሪያ ቤቴ ነው። ቡና ከገበሬ ሰብስቦ በማጠቢያ ጣቢያዎቹ አጥቦና አድርቆ ለገበያ የሚያቀርብ ድርጅት ነው፤ ቢሮው ዲላ ነው። የተቀጠርኩት እያንዳንዱ ቡና ከየትኛው ጣቢያ፣ ከየትኛው ቀን ርክክብ እንደመጣ የሚከታተል ፕሮግራም እንድጽፍ ነበር። የምጽፍበትን ቋንቋ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በሃስኬል ጻፍኩት። የተመዘገበ ነገር አይሰረዝም፤ እርማት ከጎኑ ይገባል፤ ሁለቱም ይታያሉ።

ምሕረት ከዩኒቨርሲቲው ተመርቃ ረዳቴ ሆነች። ከዲላ አጠገብ ያለችው የጪጩ ገበሬዎች ልጅ ናት። በተመደበች በመጀመሪያው ወር አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ በዚህ ቋንቋ ሌላ ቦታ ሥራ አለ?»

«ዲላ የለም። ሐዋሳም ያለ አይመስለኝም። ውጭ አገር አለ» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ያስተምሩኝ» አለች። አብረዋት የተመረቁት ፒኤችፒና ጃቫስክሪፕት ይዘው ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። እሷ ቀረች። አቶ ክፍሌ እንዳስተማሩኝ አስተማርኳት፤ ከእኔ በልጣ ሄደች። እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ የማነበውን እሷ ጣቷ ላይ እየቆጠረች ታስበዋለች።

አሁን የፕሮግራሙን ዕጣ ወደ ወሰነው ቀን እመጣለሁ።

ቡና ከታጠበ በኋላ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። በእያንዳንዱ አልጋ ላይ ቡናው የየትኛው ርክክብ እንደሆነ የሚናገር ካርድ ይታሰራል። የአንድ ርክክብ ቡና ሎት ይባላል። ፕሮግራሙን ስንጽፍ «አንድ አልጋ፣ አንድ ሎት» የሚል ሕግ አስገባን። የጣቢያ ኃላፊዎች ሁሉ ተጠይቀው የመለሱት ይህንኑ ነው። ሕጉን ከቋንቋው አጥንት ጋር ስላሰርነው የሚጥሰው መዝገብ ሊገባ አይችልም።

በአንድ የኅዳር ጠዋት የወርቃ ጣቢያ ኃላፊ አቶ ጅግሶ ደወለ። ቡና የጫነ መኪና በሩ ላይ ቆሟል። መኪናው ያለ መሸኛ ወረቀት አይንቀሳቀስም፤ መሸኛውን የሚያወጣው ፕሮግራሙ ነው።

«ማሽኗ እምቢ አለች!» አለ ጅግሶ።

«ምን አልካት?»

«እውነቱን ነዋ! አልጋው አንድ ነው፣ ካርዱ ሁለት። ያን ለታ ዝናብ ሲመጣ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ሮጦ ገባ። ያገኘውን ቡና እየሰበሰበ ባገኘው አልጋ ላይ ከተተው። የማን አልጋ ነው ተብሎ በዝናብ ይጠየቃል እንዴ? ቡናው ተደባለቀ። ሁለቱንም ካርድ አሰርንበት።»

በዚያ አገር ወጉ እንዲህ ነው። የተሰጣ ቡና ዝናብ ሲያገኘው መንገደኛውም፣ ጠላትም ቢሆን፣ አጥሩን ዘሎ ይገባል። ሲጨርስ ምስጋና ሳይጠብቅ መንገዱን ይቀጥላል። የጣቢያው ሰዎችም ሁለቱን ካርድ በማሰራቸው ሐቁን ነው የጻፉት። ይህ ወግ ሕጋችን ውስጥ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዳዊት ስልኩን ከእጄ ተቀበለ። «አቶ ጅግሶ፣ አንዱን ካርድ ፍታውና በአንዱ ብቻ አስገባው።»

«ጌታዬ፣ ታዲያ ያኛው ቡና የት ገባ ይባላል? በላሁት?»

ዳዊት ወደ እኔ ዞረ። «ጋሽ አስፋው፣ ፕሮግራሙ ለምን እምቢ ይላል?»

«አንድ አልጋ አንድ ሎት ነው ብለን ነግረነው ነው።»

«አሁን ሁለት ነው በሉታ!»

«በቃል አይሰማም። መጻፍ አለበት።»

ምሕረት ይህን ጊዜ ወንበሯን ስባ ተቀምጣ ነበር። ቀድሞ «ባዶ አልጋ» እና «ባለ አንድ ሎት አልጋ» ብቻ በነበረበት ላይ «ድብልቅ» የሚል ሦስተኛ ዓይነት ጨመረች። ኮምፓይለሩን ስታስነሣው ክርክሩ ጀመረ። ድብልቅ የሚባል ነገር ካለ ሚዛኑ ላይ ምን ይደረጋል? መጋዘን ሲገባ በማን ስም ይገባል? መሸኛው ላይ ምን ይጻፋል? ያልታሰበበትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ጠቆማት።

«መጋዘኑን ረስተሻል ይለኛል ጋሼ» ትላለች ሳትቸኩል። «እሺ። አሁን ደግሞ ሪፖርቱን። ይሄን እንኳ እኔም አላስታውሰውም ነበር።»

በስልኩ ውስጥ ሾፌሩ ሲራገም ይሰማል። ወይዘሮ አልማዝ በሩ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ መልአክዎን ይጥሩት እንጂ!» ትላለች። ምሕረት ቀና አላለችም። ኮምፓይለሩ የሚያነሣው ነገር ሲያልቅበት ዝም አለ። መሸኛው ወጣ፤ የሁለቱም ሎቶች ስም፣ ከጎኑም «ድብልቅ» የሚል ቃል ይዞ። ጅግሶ በስልክ አነበበልን።

«ድብልቅ ይላል። ስሙ አያምርም» አለ። «ግን ሆኗል» አለና መኪናውን ለቀቀው።

በሥራ ዘመኔ አንድ መሣሪያ ከዚህ የተሻለ ሲሠራ አላየሁም። የማይጠይቅ ቋንቋ ቢሆን ለውጡ ቶሎ ይገባ ነበር፤ የተረሳውን ቦታ ግን የምናገኘው ወራት ቆይቶ መጋዘን ውስጥ ነው። ይህን ለዳዊት ልነግረው ቢሮው ገባሁ። ቀድሞኝ እሱ ጠየቀኝ።

«ጋሽ አስፋው፣ ምሕረት ዛሬ ታማ ብትሆን ኖሮስ?»

«እኔ እሠራው ነበር።»

«እርስዎ በዚህ ዓመት ይወጣሉ።»

«አዎ።»

«ከዚያ በኋላ ዲላ ውስጥ ያንን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ማን አለ?»

«ምሕረት።»

«ከምሕረት ሌላ?»

ዘጋቢ የሚያውቀውን ነው የሚመልሰው። «የለም» አልኩት።

ዳዊት ክፉ ሰው አይደለም። ሁለተኛ ባለሙያ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። የመጡት አመልካቾች ጎበዞች ነበሩ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ግን አልነበረም። አንዱ እንዲያውም፣ «ሃስኬል የድርጅቱ ባለቤት ስም ነው?» ብሎ ጠይቋል። ፕሮግራሙ ይቀየር ሲባል የተቃውሞ ማስታወሻ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ሥራ ላይ በዋለባቸው ዓመታት የጠፋ መዝገብ እንደሌለ፣ የተምታታ ሎት እንደሌለ በማስረጃ አስቀመጥኩ። ዳዊት ሁሉንም አነበበ።

«ሁሉም እውነት ነው» አለኝ። «አንዱም መስመር ግን ሰው አይሆንልኝም።»

ከአዲስ አበባ የተዘጋጀ ሲስተም ተገዝቶ መጣ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ቋንቋ ነው፤ ሲበላሽ የሚያስተካክል ሰው በስልክ ይገኛል። መልኩ ያምራል። ልሞክረው ብዬ የአንድ የወርቃ ሎት ጣቢያ ስም ላይ «አስተካክል» የሚለውን ተጭኜ አሪቻ አልኩት። ተቀበለኝ። ቀድሞ ምን ይል እንደነበር የሚያሳይ ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ሊያሠለጥነን ለመጣው ወጣት አሳየሁት።

«ጋሼ፣ ደንበኞች ራሳቸው የሚጠይቁን ይሄን ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

የምሕረት የሥራ መደብ ታጠፈ። የሽኝቴ ቀን ጋቢ ለበስኩ፤ የምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። ጡረታዬ ለአንድ ብቸኛ ሰው ይበቃል። ምሕረት በዝግጅቱ ላይ ቆማ አጨበጨበች። ከሳምንት በኋላ ሥራ ፍለጋ ሐዋሳ ሄደች።

ከአንድ ቢሮ በር ላይ ሆና ደወለችልኝ።

«እንዴት ነበር?»

«ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ሰጡኝ። ሠራሁት። መልሱ ልክ ነው አሉ።»

«ታዲያስ?»

«ሌላ ሰው እንዴት ነው የሚያነበው አሉኝ ጋሼ። በጃቫስክሪፕት ስንት ዓመት ሠርተሻል አሉኝ። ምንም አልሠራሁም አልኳቸው። እንግዲህ ምን ልበል?»

በሌላም ቦታ ተፈተነች፤ ጥያቄውም መልሱም ተመሳሳይ ነበር። ወደ ጪጩ ተመለሰች። አባቷ አንድ ቀን ዲላ ገበያ አግኝተውኝ ሰላም አሉኝ፤ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ልጃቸው አላነሡም። እኔም አላነሣሁም።

በነሐሴ ደወልኩላት። «ጃቫስክሪፕት አላውቅም፤ ማንበብ ግን እችላለሁ። አብረን እንማረው» አልኳት። ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ካለ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ውጭ ዝናብ ነበር። ተማሪዎች እየገቡ ወረቀት ያሳትማሉ። ላፕቶፕዋን ከፈተች፤ ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን መሣሪያ መጫን ጀመረች። መካከል ላይ ቆመ።

«ቦታ የለም ይላል» አለች።

«የማያስፈልግ ነገር አጥፊ።»

ማህደሮቿን በየመጠናቸው ደረደረቻቸው። ፎቶዎቿ ትንሽ ናቸው። የምረቃ ጽሑፏም ትንሽ ናት። ከሁሉ በላይ የተቀመጠው የሃስኬል ኮምፓይለርና መጻሕፍቱ ነው፤ ከሌላው ሁሉ ድምር ይበልጣል።

ጣቷን እላዩ ላይ አድርጋ ቆየች። «ጋሼ፣ ይሄን ላጥፋው?»

ከእሷ ላፕቶፕና ከእኔ ኮምፒውተር በቀር ሃስኬል ዲላ ውስጥ ሌላ ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ። የእኔ ማሽን አርጅቷል። የድርጅቱ ተነቅሏል። ይህን ሁሉ እሷም ታውቃለች።

«አጥፊው» አልኳት።

ተጫነችው። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ አንድ ጊዜ ጠየቃት። አዎ አለችው። ቦታው በቃ፤ ትምህርቱን ጀመርን።